ለብ ያለ አንባቢ

ሰው አንድ መጽሐፍ አንብቦ በፈጸመ ጊዜ ከሦስት ነገር አንዱ ያገኘዋል። ወይ ልቡ ይሞቅና ያገኘውን ሰው ሁሉ «ይህን ሳታነብ እንዳትቀር» ይላል፤ ወይ ልቡ ይቀዘቅዝና መጽሐፉን ከመደርደሪያው ጥግ አኑሮ ይረሳዋል፤ ወይም ከሁለቱም ሳይሆን ለብ ብሎ ይቀራል። የሞቀውም የቀዘቀዘውም ሰው አሳቡን ለመናገር አይቸገርም። ለብ ያለው ግን ይጨነቃል፤ ቢያመሰግን ይዋሻል፤ ቢነቅፍም ይበድላል። ለብ ያለ ነገር በቅዱስ መጽሐፍም የተወደደ እንዳይደለ አውቃለሁ። ስለዚህ ባለፈው ክረምት እኔ ራሴ በአንድ መጽሐፍ ላይ ለብ ባልሁ ጊዜ ነገሩን እንደ ጥፋት ቈጥሬ፥ ስለ ምን እንደዚህ ሆንሁ ብዬ ልቤን መመርመር ጀመርሁ። ከዚህ ቀጥዬ የምጽፈው የዚያን ምርመራ ታሪክ ነው።

መጽሐፉን ያመጣችልኝ የወንድሜ ልጅ ናት። እኔ የምኖረው ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በታች፥ ከአያቴ በወረስሁት ቤት ውስጥ ነው። ብዙ ዘመን ልጆች ሳስተምር ኖሬ አሁን በጡረታ የምገኝ ስለሆንሁ፥ ጊዜዬን የማሳልፈው አሮጌ መጻሕፍት በማንበብና ጓሮዬን በመኮትኮት ነው። ልጅቱም በመጣች ቍጥር «እትዬ፥ እርስዎኮ የሚያነቡት የሞቱ ሰዎች የጻፉትን ብቻ ነው» እያለች ትቀልድብኛለች። በሐምሌ ወር አንድ ቀን ዝናም አባሯት ገባችና ከካፖርቷ ሥር አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥታ ከጭኔ ላይ አኖረችው። «ይህን የጻፈችው በሕይወት ያለች ሴት ናት፤ ያገራችንም ልጅ ናት፤ ደግሞም የጻፈችው ስለ እኛ ስለ ሴቶች ነው» አለችኝ።

የመጽሐፉ ስም በእንግሊዝኛ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ይባላል፤ ባማርኛ ብንመልሰው «የጥላው ንጉሥ» ማለት ነው። ደራሲዋ መዓዛ መንግሥቴ አዲስ አበባ ተወልዳ፥ በአብዮቱ ዘመን በልጅነቷ ከቤተ ሰቦቿ ጋራ ካገር ወጥታ፥ በኋላም በአሜሪካ የኖረች ናት። መጽሐፉ በ2019 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ታትሞ፥ በተከታዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት በመጨረሻ ከተመረጡት 6 መጻሕፍት አንዱ ሆኗል።

ታሪኩ የሚጀምረው በአብዮቱ ዋዜማ፥ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፎቶግራፍ የሞላበት ሣጥን ይዛ ስትቀመጥ ነው፤ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ ኢጣልያ አገራችንን ወደ ወረረችበት ወደ 1928 ዓ.ም. ይወስደናል። ሂሩት የምትባል አባት እናቷ የሞቱባት ልጅ በኪዳኔና በአስቴር ቤት ገረድ ሆና ትኖራለች። ከአባቷ የወረሰችው አንድ አሮጌ ውጅግራ አላት፤ ኪዳኔም ለጦርነቱ መሣሪያ ሲሰበስብ ይህንኑ ይወስድባታል። አስቴር የባሏን ካባ ለብሳ ሴቶችን ለዘመቻ ትቀሰቅሳለች። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ከሄዱ በኋላ፥ የሠራዊቱ ልብ እንዳይሰበር፥ «ምንም» የሚባል አንድ ድኻ መልኩ ንጉሡን ስለሚመስል የንጉሥ ልብስ ለብሶ ከተራራ ላይ ይታያል፤ ሂሩትም የእርሱ ጠባቂ ትሆናለች። በኋላ ሂሩትና አስቴር ተማርከው ፉቼሊ በሚባል የኢጣልያ ኮሎኔል እጅ ይወድቃሉ፤ ኤቶሬ የሚባለው ወታደርም በምርኮአቸው ውስጥ ፎቶግራፍ ያነሣቸዋል።

መጽሐፉን በ9 ቀን ፈጸምሁት። እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ደስ ብሎኝ ነበር። የገረዲቱ ኑሮ፥ የወጥ ቤቷ ሴት ዝምታ፥ የእመቤቲቱ ኩራትና ኀዘን መልካም ሆኖ ተጽፏል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ደራሲዋ ሂሩትን በሁለት ጦርነት መካከል ማቆሟ ነው። አንዱ ከኢጣልያ ጋራ የሚደረገው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በገዛ ወገኗ፥ በገዛ ጌታዋ በኪዳኔ እጅ በሌሊት የሚደርስባት ግፍ ነው። ስለ አርበኞቻችን የተጻፈ ብዙ ነገር አንብቤአለሁ፤ ይህን ደፍሮ የጻፈ ግን እምብዛም አላየሁም። እንግዲህ ደራሲዋ ድፍረት ጐደላት የሚል ሰው ቢነሣ እኔ ከእርሱ ጋራ አልተባበርም።

ነገር ግን ወደ መካከሉ በደረስሁ ጊዜ ድካም ያዘኝ። ምክንያቱንም ፈልጌ አገኘሁት፤ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቀላል ነገር የሚባል የለም። ሰው በር ሲከፍት ዓለም የምታልፍ ይመስላል፤ አንዱ ሌላውን ቀና ብሎ ሲያይ እንኳ ሰማዩና ተራራው አብረው የሚተክዙ መሰለኝ። በታሪኩ መካከል፥ እንደ ጥንት የግሪክ ተውኔት፥ መዘምራን እየተነሡ አንባቢው ምን ሊሰማው እንደሚገባ ይነግሩታል። ንጉሠ ነገሥቱም በየጊዜው ብቻቸውን ሆነው «አይዳ» የተባለውን የቬርዲን ኦፔራ ሲሰሙ እናያለን። ይህ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በካይሮ ከተማ በ1871 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው፤ ነገሩም የተማረከች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ከምትወደው ከግብጽ የጦር አለቃ ጋራ በሕይወቷ መቃብር ገብታ የምትሞትበት ነው። ደራሲዋ ኦፔራውን ያለ ምክንያት አላስገባችውም፤ ኢጣልያዊው ስለ ኢትዮጵያ ሴት ላስዘፈነው ዘፈን በኢትዮጵያዊት ድምፅ መልስ ለመስጠት እንደሆነ ይገባኛል። ዳሩ ግን ለኦፔራ በኦፔራ ሲመለስለት የሚዘፍነው ሰው ይበዛል እንጂ የሚናገር ሰው አይገኝም።

ይህን ካልሁ በኋላ ራሴን ጠረጠርሁ። በማስተምርበት ዘመን «የሴት ጽሕፈት ልቅሶ ይበዛዋል» የሚሉ ባልንጀሮች ነበሩኝ፤ እኔም እቈጣቸው ነበር። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ምሳሌ አድርጌ አመጣባቸው ነበር። እኒህ ሴት በጠላት ዘመን ወደ ኢጣልያ ተግዘው በአዚናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከነጻነትም በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ሆነው ሠርተዋል፤ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል፤ በ1957 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በተደረገው ምርጫም ለሕዝብ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆነዋል። እንዲህ ያለ ነገር ያየች ሴት ብታለቅስ፥ ልቅሶዋ በዛ ብሎ የሚለካው ማን ነው እል ነበር። አሁን ግን በእርጅናዬ ከእነዚያ ባልንጀሮቼ ወገን የቆምሁ መሰለኝና አፈርሁ።

ቢሆንም ነገሩ የሴትና የወንድ ጕዳይ እንዳይደለ የሚያስረዳኝ አንድ ትዝታ አለኝ። በልጅነቴ በመንደራችን የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ በወጣትነቱ ሞቶ፥ ዘመዶቹ ስመ ጥር አልቃሽ አስጠሩ። አልቃሿ በእውነት ዐዋቂ ነበረች፤ ግጥሟ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ድምፅዋም ከድንኳኑ አልፎ ከመንገድ ይሰማል። ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን እየመታ አለቀሰ። የሟቹ እናት ግን እንደ ድንጋይ ደርቃ ተቀምጣ ነበር። ወደ ማታ አልቃሿ ደክሟት ውሃ ልትጠጣ ወጣ ባለች ጊዜ ድንኳኑ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ እናቲቱ ከደጃፉ ወዳሉት የልጅዋ ጫማዎች ተመልክታ «አልተጠረጉም እኮ» አለች። ከዚህ በቀር አንድ ቃል አልጨመረችም። ዛሬ ከዚያች አልቃሽ ግጥም አንድ ስንኝ አላስታውስም፤ ያችን ቃል ግን ከ50 ዓመት በኋላ እንኳ ልረሳት አልቻልሁም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህች ሴት ግነት ያለበት ታሪክ ሁሉ አይጥማትም ብለህ እንዳትፈርድብኝ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት፥ ዛሬ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው ልብ ወለድ ታሪክ፥ ካማርኛ ልብ ወለዶች የመጀመሪያው ነው። በዚያም ውስጥ አንዲት ልጃገረድ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋራ የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ጦርነት፥ ምርኮ፥ ፍቅር፥ ያልታሰበ መገናኘት ሁሉ አለበት፤ ከእውነተኛ ኑሮ ጋራ ብናስተያየው የማይመስል ነው። ሆኖም ባነበብሁት ቍጥር ደስ ይለኛል እንጂ አይደክመኝም። ምክንያቱም የሚነገረው ነገር ትልቅ ቢሆንም፥ ተራኪው ምድጃ ዳር ተቀምጦ እንደሚያወጋ ሰው ቀስ ብሎ ይነግረናል፤ አልቅሱ እያለ አይጐተጕተንም። እንግዲያስ ያደከመኝ የነገሩ ትልቅነት ሳይሆን ጕትጐታው ነበር።

ይህ ፍርዴ ትክክል መሆኑን የመጽሐፉ መጨረሻ ያረጋገጠልኝ መሰለኝ። ታሪኩ ካለቀ በኋላ ደራሲዋ በራስዋ ስም የጻፈችው አጭር ማስታወሻ አለ፤ በዚያም ከእናቷ የሰማችውን የቅድመ አያቷን ነገር ትነግረናለች። ነገሩም እንዲህ ነው። በወረራው ጊዜ ከየቤቱ የበኵር ልጅ ጠመንጃውን ይዞ እንዲዘምት በታዘዘ ጊዜ፥ በዚያ ቤት ለጦርነት የደረሰ ወንድ ልጅ አልነበረም፤ በኵሯ እርሷ ነበረች። እርሷም ገና ልጅ ነበረች፤ ለባል ተሰጥታ ነበር፥ ነገር ግን ዕድሜዋ ስላልደረሰ ከእርሱ ጋራ አትኖርም ነበር። አባትየው ጠመንጃውን ለባልየው ሰጥቶ በቤቱ ፈንታ እንዲዘምት ባደረገ ጊዜ፥ ልጅቱ የምዘምት እኔ ነኝ ብላ ተነሣች። አባቷም እምቢ ቢላት ከዳኛ ፊት ከሰሰችው፤ ረታችውም፤ ጠመንጃውንም ተረከበች።

ይህን ሳነብ ከተቀመጥሁበት ተነሣሁ። አባቷን ከሳ ጠመንጃ የረታች ልጅ! እዚህ ላይ መዘምራን የለም፤ ኦፔራም የለም፤ ነገሩ ባንድ ትንፋሽ ተነግሯል። ከ400 በሚበልጡት ገጾች ለብ ብሎ የቆየው ልቤ በአንዲት ገጽ ሞቀ። እንግዲህ ነገሩ ተፈጸመ፥ እውነት ያለ ጌጥ ትበቃለች ብዬ መጽሐፉን ከደንሁት።

የወንድሜ ልጅ በነሐሴ መጨረሻ መጽሐፉን ልትወስድ መጣች።

«እትዬ፥ እንዴት አገኙት?» አለችኝ።

«ደኅና ነው» አልኋት።

ፊቷ ሲጠቍር አየሁ። «ደኅና ነው የሚባለውኮ ስለ ሽሮ ነው» አለች። «እኔ ይህን መጽሐፍ ሳነብ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም፤ እርስዎ ደኅና ነው ይሉኛል?»

እኔም የአልቃሿን ነገር፥ የጦቢያን ነገር፥ የማስታወሻውንም ነገር በተራ ነገርኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና «እሺ፤ ዝናሙ አባርቷልና ወደ ዋሻ ሚካኤል እንውጣ፤ የቀረውን እዚያ እንጨርሰዋለን» አለች።

ዋሻ ሚካኤል ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ፥ በየካ ተራራ ላይ የሚገኝ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ወደዚያ የሚያወጣው መንገድ ለጕልበቴ አይመችም፤ ቢሆንም ቀስ እያልን ወጣን። ባሕር ዛፉ ዝናም ጠግቦ ይሸታል። ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሦስት ሴቶች ወገባቸው ጎብጦ፥ ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ ሲወርዱ አገኘናቸውና መንገድ ለቀቅንላቸው፤ እነርሱም «እግዜር ይስጥልን» ብለው አለፉ። በምዕራብ በኩል የእንጦጦ ራስ ይታያል፤ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ሳትቈረቈር የከተሙበት ተራራ ነው፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከተሜው ለመናፈስ የሚወጣበት ፓርክ ተከፍቶበታል።

ልጅቱ ቆም ብላ ቍልቍል ወደ ከተማው እየተመለከተች «ጣልያን በነበረ ጊዜ እዚህ ምን ሆነ?» አለችኝ። የማውቀውን ነገርኋት። ኢጣልያ አዲስ አበባ የገባችው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ፥ በሐምሌ፥ አርበኞች ከተማዪቱን ለማስለቀቅ ከየአቅጣጫው መጡ፤ በሰሜን በኩል የመጣው የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ነበር። ክረምቱ የከበደ፥ ወንዙም የሞላ ስለነበረ፥ ጦሩ ባንድነት ለመምታት ሳይችል ቀርቶ ተመለሰ። አቡነ ጴጥሮስም ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደውን እልቂት ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን ሁሉ ጫካ ለነበረው አርበኛ ስንቅ፥ ጥይት፥ መድኀኒትና ወሬ የሚያቀብሉት በከተማ የቀሩት ሰዎች ነበሩ፤ የውስጥ አርበኞች ይባላሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። የታላላቆቹ ስም ተጽፏል። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ አርበኞችን ስለ ረዱ ወደ አዚናራ ተግዘው ታስረዋል፤ ከተመለሱም በኋላ ሥራቸውን አልተዉም። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በ1929 ዓ.ም. በፍቼ ከተገደሉ በኋላ ራሳቸው ጦር መርተዋል። በዚህ ተራራ መንገድ የተመላለሱት የድኻ ሴቶች ስም ግን የተጻፈበት መጽሐፍ አላየሁም።

ከእነዚህ አንዷ አያቴ ነበረች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 20 ያህል ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ፥ እርሷ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል፥ «እምዬ፥ በጣልያን ጊዜ ምን ታደርጊ ነበር?» ብዬ ጠይቄአት ነበር።

«እንጨት ለቀማ የምንሄድ መስለን ስንቅ እናደርስ ነበር። በሶውን በመቀነታችን እንጠቀልለው ነበር» አለችኝ።

«ከማን ጋራ?»

«ሦስት ነበርን፤ ሁለት ተመለስን።»

ከዚህ በኋላ እንዝርቷን ማሾር ቀጠለች። እናቴ አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጋ ብትጠይቃት «ሆድ ይፍጀው» ብላ ዘጋቻት። ነገር ግን በየወሩ በ12 ቀን፥ የሚካኤል ዕለት፥ ዳቦ ጋግራ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለተቀመጡ ነዳያን ትሰጥ ነበር። ዳቦውን የምሸከም እኔ ነበርሁ። «ለማን ነው?» ብላት «ለሰው ነው» ትለኝ ነበር። አያቴ በ1977 ዓ.ም. ዐረፈች፤ እኔም ያን ጊዜ ትልቅ ሰው፥ አስተማሪም ነበርሁ።

ይህንን ለልጅቱ በኩራት ነገርኋት። «አየሽ፤ ያን ሁሉ ዘመን በ4 ቃል ጨረሰችው። ያገራችን ሴት የምትናገረው እንዲህ ነው» አልሁ። አሁን ታምናለች፥ መጽሐፉም ለምን እንዳደከመኝ ይገባታል ብዬ ነበር።

ልጅቱ ግን ጥቂት ዝም ብላ «ሦስተኛዋ ማን ነበረች?» አለች።

«አላውቅም።»

«አልጠየቋትም?»

«አልጠየቅሁም።»

«ስለ ምን?»

«እንዳይከፋት ብዬ ነው።»

«እትዬ፥ ይቅር ይበሉኝና፥» አለች፤ «እርስዎ የአያታችንን ዝምታ እንደ ግጥም ወደዱት። እርሷ ግን የሚጠይቃት ሰው ትጠብቅ ኖሮ ይሆናል።»

መልስ አጣሁ። እስክንመለስ ድረስ ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል አልተናገርንም። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን የዚያ ለቅሶ ነገር እንደ ገና መጣብኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሟቹን እናት ያናገራት የአልቃሿ መውጣትና ጸጥታው ነው ብዬ አምን ነበር። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከአጠገቧ የተቀመጡ፥ ፊቷን የሚያዩ፥ ቃሏንም የሰሙ ጎረቤቶች ነበሩ። ሰሚ በሌለበት ቢሆን ኖሮ ቃሏ ከእርሷ ጋራ ይቀበር ነበር። እኔ ከአያቴ አጠገብ 20 ዓመት ያህል ተቀምጬ ሳለሁ፥ ለጸጥታዋ አደነቅሁ እንጂ ጆሮ አልሆንኋትም።

ልጅቱን መጽሐፉን አንድ ሳምንት እንድታቈይልኝ ለመንኋት። በዚያች ሌሊት የሂሩትንና የአስቴርን የምርኮ ገጾች እንደ ገና አነበብሁ። በመጀመሪያው ንባቤ እነዚያን ገጾች ፈጥኜ ገልብጫቸው እንደነበረ ያን ጊዜ አወቅሁ። «እዚህም በዛ» ብዬ አልፌያቸው ነበር፤ ለካ የፈራሁት የአጻጻፉን ግነት ሳይሆን ነገሩን ራሱን ነው። ሁለት ተመለሱ፤ ሦስተኛዪቱስ? በጥይት ሞተች? ተማረከች? እንደነዚህ እንደ ሁለቱ ሴቶች በጠላት ዓይን ፊት ቆመች? እኔ ይህን አላውቅም፤ ልፈጥረውም አልደፍርም። ደራሲዋ ግን ደፈረች። የሚያውቁት ሴቶች ሳይናገሩ፥ የሚሰሙትም ሳይጠይቁ ዘመኑ ስላለፈ፥ በባዶው ቦታ ላይ በታላቅ ድምፅ ጮኸች። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ባለቤቱ ዝም ብሎ ሲሞት ማን ይናገርለት?

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በኋላ ልቤ ሞቀ፥ መጽሐፉም ግሩም ሆነልኝ ብል ደስ ባለህ ነበር፤ ሐሰት ግን ይሆናል። በነጋታው ከመጀመሪያው ጀምሬ ባነበው መዘምራኑ እንደ ገና አደከሙኝ፤ ኦፔራውም እንደ ገና ረዘመብኝ። ኀዘን በየገጹ እኩል ሲጮኽ፥ ከኀዘኖቹ ማናቸው ከማናቸው እንደሚብስ መለየት ያቅታል፤ ደራሲዋ እንደዚያ ዳኛ ፊት እንደቆመችው ቅድመ አያቷ ባጭሩ የተናገረችበት ቦታ ቢበዛ ኖሮ ይበልጥ እወደው ነበር። እንግዲህ ፍርዴ እንደ ቀድሞው ለብ ያለ ነው። ልዩነቱ አሁን ምክንያቱን ማወቄ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ የሚገኘው የፈላና የቀዘቀዘ ሲደባለቅ ነው፤ ከቀዘቀዘውም ውሃ እኩሌታው ከራሴ ጓዳ የተቀዳ ነበር።

ይህንንም ለልጅቱ እንዲሁ ነገርኋት። «ከደኅና ነው ይሻላል» አለችና ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ደብተር ገዝቼ አያቴ የነገረችኝን ጻፍሁበት። ጽሑፉ አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም፦ መንገዱ፥ በሶው፥ መቀነቱ፥ የወሩ 12ኛ ቀን፥ ዳቦው፥ «ሦስት ነበርን፤ ሁለት ተመለስን።» ያልሰማሁትን አልጨመርሁበትም። ከገጹ የቀረውንም ባዶውን ተውሁት። በመስከረም 12 ቀን ዳቦ ጋገርሁ፤ የወንድሜ ልጅም ተሸክማልኝ ወደ የካ ሚካኤል ሄድን። ከደጁ የተቀመጡ አንድ አሮጊት ዳቦውን ተቀብለው «ነፍስ ይማር፤ ስሙን ማን ልበል?» አሉ። ልጅቱ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔም «ሴት ናት፤ ስሟን እግዜር ያውቀዋል» አልሁ።

የምነግርህ ምክር ይህ ነው። የዚያን ዘመን ሰዎች አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጕልበት ሥር ያደጉ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም በየቤቱ አሉ። በቤትህ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፥ መጽሐፍ እስኪጻፍ አትጠብቅ፤ ሂድና ጠይቅ። አንድ ጊዜ ዝም ቢልህ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቅ። የነገረህንም ሳትጨምርና ሳትቀንስ ከነቀኑና ከነቦታው ጽፈህ አኑር። በኋላ የሚነሣ ደራሲ ምናልባት ከዚያ ትንሽ ወረቀት ላይ ቆሞ ይናገራል፤ የሚቆምበት መሬት ካገኘም እንዲህ አብዝቶ መጮኽ አያስፈልገው ይሆናል።